ዶሮዎቹን ከጎመኑ ጋር እንዴት ላኑራቸው?

ጠያቂ (ቢሾፍቱ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በግቢዬ ጎመን፣ ሰላጣና ቃሪያ አለማለሁ፤ ስምንት የሐበሻ ዶሮዎችም አሉኝ። ትል ይለቅሙልኛል ብዬ ባለፈው ሳምንት ለግማሽ ቀን ብለቅቃቸው፣ ካዛወርኩት አምስት ቀን ያልሞላውን የጎመን ችግኝ ከነሥሩ ጭረው አውጥተው፣ ለካሮት ያለሰለስኩትን መደብ ደግሞ እየተንከባለሉበት ጉድጓድ አድርገውት ጠበቁኝ። ሁለቱን አብሮ ማኖር ይቻላል? ኩሳቸውንስ እንደወጣ መደቡ ላይ ልበትነው?

መልስ 1፦
የለሰለሰ አፈር ያየች ዶሮ መጫሯ አይቀርም፤ ስለዚህ የሚመረጠው ጊዜው ነው። እኔ የማስገባቸው ምርቱ ተለቅሞ ካለቀ በኋላ ሲሆን፣ በግንዱ ላይ የቀረውን ቅጠል፣ የአረሙን ዘርና አፈር ውስጥ የተደበቀውን ቆራጭ ትል ያጸዱልኛል። ችግኝ ባለበት ወቅት ግን ከፍ ያለ የሽቦ አጥር ያስፈልግዎታል፤ የሐበሻ ዶሮ አጭሩን አጥር ከቁም ነገር አትቆጥረውም።

መልስ 2፦
በመልስ 1 እስማማለሁ፤ ሆኖም ዶሮዎቹ በቆዩበት መደብ ላይ ሰላጣ አያስከትሉ። ትኩስ ኩስ ናይትሮጂኑ ስለሚበዛ ሥር ያቃጥላል፤ ከዚያም በላይ ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊኖርበት ስለሚችል በጥሬው ለሚበላ አትክልት አደገኛ ነው። የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ ያልተብላላ ፍግ ከተጨመረ በኋላ፣ የሚበላው ክፍሉ አፈር የሚነካ አትክልት እስኪሰበሰብ 120 ቀን፣ ለማይነካው 90 ቀን እንዲቆይ ያዝዛል። እኔ ከዶሮ ቤቱ የምጠርገውን ኩስና የጤፍ ጭድ ከደረቅ ቅጠል ጋር እቆልለዋለሁ። በጥቂት ቀናት ውስጥ መሐሉ እጅ እስከማያስገባ ድረስ ይግላል፤ እያገላበጥኩ ወራት አቆየውና፣ ዓይን የሚያስለቅሰው የአሞኒያ ሽታ ጠፍቶ ዝናብ የነካው አፈር ሲሸተኝ ያን ጊዜ እጠቀምበታለሁ።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ሳልጠቅሰው የቀረሁት ነገር፣ ክሽክሽ ስላስቸገረኝ ከአሥር ቀን በፊት ጎመኑን ፀረ ተባይ ረጭቼዋለሁ።

መልስ 1፦
እንግዲያው ወደዚያ መደብ ፈጽሞ አያስገቧቸው፤ የተረጨውን ቅጠልና የተመረዘውን ትል ስለሚበሉ መድኃኒቱ ወደ እንቁላሉ ሊያልፍ ይችላል። በዕቃው ላይ የተጻፈውን የመጠበቂያ ጊዜ አይተው፣ እስከዚያው ካልተረጨው የግቢዎ ክፍል አረም እየነቀሉ በአጥሩ ላይ አሻግረው ይጣሉላቸው።