አስቸኳይ፦ ሐዋሳ ላይ ቤት ልንገዛ ነው፣ ደላላው ዛሬ ማታ ገንዘብ ላኪ ይለኛል

የሁለት ልጆች እናት (አዳማ)፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ጊዜ ስለሌለኝ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለ ቤት በ4 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ለመግዛት ተስማምተናል። የባለቤቴ ሥራ በሚቀጥለው ወር ወደዚያ ስለሚዛወር ልጆቹ ትምህርት ሳይጀምሩ መግባት እንፈልጋለን። ቤቱን ያገኘልን የዚያው የሐዋሳ ደላላ ሲሆን ካርታውንም በቴሌግራም ልኮልኛል። ባለቤትየው ውጭ አገር ስለሚኖሩ ውሉን የሚፈርሙት ወንድማቸው በውክልና ናቸው። ቀጠሮአችን ነገ ጠዋት 4 ሰዓት ነበር። አሁን ግን ደላላው ደውሎ "ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ዛሬ ማታ 300 ሺህ ብር ካላስገባሽ ቤቱ ያመልጥሻል" አለኝ። ልላክ ወይስ ይቅር? ካርታው እውነተኛ መሆኑንስ ከአዳማ ሆኜ በምን ላረጋግጥ? እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ሐይቅ ዳር፣ 1፡18

እንዳይልኩ። ነገ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ሄደው የቤቱን ማኅደር (እዚያ የሚቀመጠውን የሰነድ ፋይል) ይዩ። የስልክ ፎቶ ካርታ አይባልም።

ጡረተኛው መምህር፣ 1፡31

ልጄ፣ ከሁሉ በፊት የምትገዢው ምን እንደሆነ ለይተሽ ማወቅ አለብሽ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ስለዚህ አንቺ የምትገዢው በመሬቱ ላይ ያረፈውን ቤትና ከቤቱ ጋር የሚተላለፈውን የመጠቀም መብት ነው። ይህን የምለው ትምህርት ለማብዛት አይደለም፤ ይዞታው ነባር፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ከሆነ አንድ መንገድ አለው፣ በሊዝ የተያዘ ከሆነ ደግሞ የውል ዘመን፣ በየዓመቱ የሚከፈል ሒሳብና የግንባታ ማጠናቀቂያ ጊዜ ያለው ሌላ ጉዳይ ይሆናል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ግንባታው ሳይጀመር ወይም ግማሽ ሳይደርስ በሚተላለፍ ይዞታ ላይ ገደብ ጥሎ፣ ሻጩ ከዝውውሩ የሚያገኘውን ጥቅም ሳይቀር ወስኖታል። ጅምር ቤት በመንደር ውል ገዝተው ስም ማዞር ስላቃታቸው ዓመታት ሙሉ ሲመላለሱ የኖሩ ሰዎችን አውቃለሁ። ቤቱ ያለቀ ነው ወይስ ጅምር? ይዞታውስ ነባር ነው ወይስ ሊዝ? ይህን አልነገርሽንም።

የሁለት ልጆች እናት፣ 1፡38

ቤቱ ያለቀ ነው፣ ተከራይም አለበት። ሊዝ ይሁን ነባር ግን አላወቅሁም፤ ፎቶው ሲነሣ የካርታውን ግርጌ የደላላው አውራ ጣት ሸፍኖታል። ደግሞ ሳልጽፈው የቀረ ነገር አለ፤ ባለፈው ሳምንት 100 ሺህ ብር ቀብድ ከፍለናል።

ፍራንኮ ሰፈር፣ 1፡41

ለማን ከፈላችሁ? ወረቀትስ አላችሁ?

የሁለት ልጆች እናት፣ 1፡44

በደላላው የባንክ ሒሳብ ነው ያስገባነው። የባንክ ደረሰኝ አለኝ፣ ሌላ የተጻፈ ነገር የለም።

ሐይቅ ዳር፣ 1፡46

አሁንም ደግሜ እላለሁ፣ ማኅደሩን ሳያዩ አንድ ብር እንዳይልኩ።

ፍራንኮ ሰፈር፣ 1፡52

አትጨነቂ እኅቴ፤ ቀብድ የተቀበለ ሰው ሐሳቡን ከለወጠ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል፣ ሕጉ ነው።

ጠበቃ ነኝ፣ 2፡05

ወንድሜ፣ ሕጉ የሚለው ሙሉውን እንዲህ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1885፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ወገን ቢተው ደግሞ እጥፉን ይከፍላል ይላል። ነገር ግን እዚህ ቀብዱን የተቀበለው ሻጩ አይደለም፤ ገንዘቡ ያለው ደላላው እጅ ነው። ደላላው ስለ ሻጩ ሆኖ ለመቀበል ሥልጣን ያለው ስለመሆኑም የቀረበ ነገር የለም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ደግሞ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ይህ ካልተሟላ በቁጥር 1720 መሠረት ረቂቅ እንጂ ውል አይባልም። ስለዚህ ነገሩ ቢፈርስ እኅታችን መጠየቅ የሚቀላት የሰጠችውን 100 ሺህ ብር ነው። እጥፉን ተስፋ አድርጋ ሌላ 300 ሺህ መጨመር የለባትም። ያንን የባንክ ደረሰኝ በጥንቃቄ ያስቀምጡት።

አሁን ዋናው ነገር ውክልናው ነው። ደርሶዎት ከሆነ ቃሉን እንዳለ ይጻፉልን።

ነፋሻማው፣ 2፡09

እኔ ግን ከሥሩ ጥያቄ አለኝ። "ያገኘልን ደላላ" እያልሽ እንደ ራስሽ ሰው ቆጥረሽዋል። እሱ ኮሚሽን የሚያገኘው ቤቱ ሲሸጥ ነው፤ ባይሸጥ የሚያገኘው ነገር የለም። ታዲያ ካርታው ችግር ቢኖርበት እንዲነግርሽ እንዴት ትጠብቂያለሽ?

የሁለት ልጆች እናት፣ 2፡14

ዘመድ ያስተዋወቀን ጨዋ ሰው ነው፣ እስከ ዛሬ ድረስም አልዋሸኝም። ለማንኛውም የላከው የውክልናው የመጀመሪያ ገጽ እንዲህ ይላል፦ "በስሜ የሚገኙትን ንብረቶች እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ፣ ኪራይ እንዲሰበስብ፣ በማንኛውም ፍርድ ቤት እንዲከራከር…"። ሁለተኛ ገጽ ያለው ይመስላል፣ እኔ ጋ ግን አልደረሰም።

ጠበቃ ነኝ፣ 2፡27

በዚህ ገጽ ብቻ ወንድምየው ቤቱን መሸጥ አይችሉም። በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የማስተዳደር ሥራን ብቻ እንደሚሸፍን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 ተጽፏል፤ ቀጥሎ ያለው ቁጥር 2205 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል። ስለዚህ ሁለተኛው ገጽ ላይ "እንዲሸጥ" የሚል ቃል ፈልጉ፤ እሱ ከተገኘ ደግሞ "የሽያጩን ገንዘብ እንዲቀበል" መባሉን እዩ፣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው ይህን ነው። ውክልናው ውጭ አገር የተሰጠ ከሆነ በኤምባሲያችን ተረጋግጦ፣ አገር ቤት ከገባ በኋላ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማለፍ አለበት። ያልተሻረ መሆኑም ይጣራ። ባለቤትየው ባለትዳር ከሆኑና ቤቱ የጋራ ሀብት ከሆነ የትዳር ጓደኛቸው ስምምነት ካልተገኘ ሽያጩ በኋላ ሊፈርስ ይችላል።

አዳማ ላይ ደላላ ነኝ፣ 2፡40

ከላይ ስለ ደላላ የተጻፈውን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ይህ እንጀራዬ ነው፣ በሥራዬም አላፍርም። ያገናኘኋቸው ሻጭና ገዢ ዛሬም ድረስ ለበዓል ይጠሩኛል። እዚህ አካባቢ ከእያንዳንዱ ወገን 2 በመቶ መቀበል የተለመደ ነው፤ እኔ የምቀበለው ግን ውሉ ተፈርሞ ሲያልቅ ነው። የሻጭ ገንዘብ በእኔ ሒሳብ አድሮ አያውቅም፣ ማደርም የለበትም። የቤቱን ዋጋ በባለቤቱ ስም በተሠራ ሲፒኦ (ባንክ በሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ) ይዘሽ ሂጂ፤ ከፊርማ በፊትም ከእጅሽ አታውጪው። የተወሰነውን ገንዘብ ስሙ ዞሮ ካርታው በስማችሁ እስኪወጣ ድረስ እንድታቆዪ ተደራደሪ። ሌላም ልምከርሽ፦ "ግብር እንዲቀንስ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ" ቢሉሽ እሺ አትበይ፤ ነገ ውሉ ቢፈርስ በፍርድ ቤት የምትጠይቂው የተጻፈውን ያህል ብቻ ሊሆን ይችላል። ከሽያጩ የሚመጣው የግብር ዕዳ የሻጭ ነው፣ በልማድ ግን ገዢ ላይ ስለሚገፋ ማን እንደሚከፍል ውሉ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ።

ታቦር ሥር፣ 2፡48

ይህ "ሌላ ገዢ" የሚባለው ሰውዬ ሐዋሳን ጠቅልሎ ሊገዛ ነው መሰለኝ፤ እኔም ቤት ስገዛ በየምሽቱ ይመጣብኝ ነበር፣ በዐይኔ ግን አንድም ቀን አላየሁትም። ይህ ለሣቅ ያህል ነው፤ አሁን ቁም ነገሩን ልንገርሽ። ተከራይ ካለ ከካርታው ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው። ኪራይ ለማን እንደሚከፍል፣ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሚኖር፣ ቤቱን ለማየት ስንት ሰው እንደመጣ፣ የመብራትና የውሃ ሒሳብ በማን ስም እንደሚመጣ ጠይቂ። እኔ ከዚያ ሰፈር ሩቅ አይደለሁም፤ የቦታውን ምልክት በግል መልእክት ከላክሽልኝ ነገ ከሥራ በፊት ደርሼ አያለሁ። ግን ቤቱን በዐይንሽ አይተሽዋል?

የሁለት ልጆች እናት፣ 2፡55

በአካል አላየሁትም፣ ቪዲዮ ነው ያየሁት። ምልክቱን ልኬልሃለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለደላላው "ውል ሳልፈርም አልልክም" አልኩት፤ ተቆጥቶ ስልኩን ዘጋብኝ። ገንዘቡን አልላክሁም። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ከባለቤቴ ጋር እንነሣለን። ምን ምን መያዝ አለብኝ?

ሐይቅ ዳር፣ 2፡58

በጣም ጥሩ ነው። በቀጥታ ማዘጋጃ ቤት ገብተው ማኅደሩን ያስወጡ።

የቢሮ ሰው፣ 3፡10

ሐይቅ ዳር ደጋግሞ የመከረው ትክክል ነው፣ ነገር ግን አንድ ነገር ጎድሎታል። በእንዲህ ዓይነት ቢሮ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ ማኅደር ለመጣ ሰው ሁሉ አይወጣም። ባለቤቱ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ ቀርቦ መጠየቅ አለበት፤ ስለዚህ ወንድምየውን ዋናውን ውክልና አስይዛችሁ አብራችሁ ግቡ። አብሬያችሁ አልገባም ካሉ መልሱን በዚያው አግኝታችኋል። ማኅደሩ ሲወጣ በካርታው ላይ ያለውን ስም፣ የካርታውን ቁጥርና የቦታውን ስፋት ከፎቶው ጋር አስተያዩ፤ ከዚያ ወደ መጨረሻዎቹ ገጾች ሄዳችሁ የባንክ ወይም የፍርድ ቤት የዕግድ ደብዳቤ መኖር አለመኖሩን ተመልከቱ። ዕዳና ዕገዳ የሌለበት መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤም በጽሑፍ ይጠየቅ። የፋይዳ መታወቂያችሁንና የጋብቻ ወረቀታችሁን ያዙ፤ የጋብቻ ወረቀቱ በአፋን ኦሮሞ ብቻ የተጻፈ ከሆነ የተተረጎመ ቅጂ ቢኖራችሁ ከመመላለስ ያድናችኋል። ሜትርም ያዙ። ካርታው ላይ ያለው ስፋትና አጥሩ የያዘው ቦታ የማይገናኙበት ቤት ብዙ አይቻለሁ።

ታቦር ሥር፣ ረቡዕ ጠዋት 2፡20

ቤቱን አየሁት። ተከራይዋን በር ላይ አነጋገርኳት፤ ሦስት ዓመት ኖራለች፣ ኪራይ የምትከፍለው ለወንድምየው ነው። ቤቱ እንደሚሸጥ ግን ከእኔ ነው የሰማችው፣ እስከ ዛሬ ለማየት የመጣ ገዢም የለም አለችኝ። በጓሮው በኩል የግድግዳው ቀለም እስከ ጉልበት ድረስ ተልጧል፤ ጣቴን ባስጠጋው እርጥብ ነው። ይህን በቪዲዮው ያሳየሽ አይመስለኝም።

የሁለት ልጆች እናት፣ ረቡዕ 5፡40

ሐዋሳ ነን። ወንድምየው መጡ፣ ጨዋ ሰው ናቸው፤ 100 ሺህ ብር ለደላላው መክፈላችንን ግን አያውቁም ነበር። ማኅደሩ ተገኝቷል፣ ካርታው እውነተኛ ነው፣ ይዞታውም ነባር ነው። የውክልናው ሁለተኛ ገጽ "እንዲሸጥ እንዲለውጥ" ይላል፤ ገንዘብ ስለ መቀበል የሚል ግን አላገኘሁም። ማኅደሩ መጨረሻ ላይ ቤቱ ለብድር መያዣ መሆኑን የሚገልጽ የባንክ ደብዳቤ አለ። ወንድምየው "ብድሩ ተከፍሎ አልቋል" ይላሉ። ደላላው ደግሞ "ይህ ችግር የለውም፣ ዛሬውኑ ፈርሙ" እያለ ነው። ምን ላድርግ?

ጠበቃ ነኝ፣ ረቡዕ 5፡52

እንዳይፈርሙ። ብድሩ ተከፍሎ ከሆነ ባንኩ ዕገዳው እንዲነሣ ለዚያው ቢሮ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ያ ደብዳቤ ማኅደሩ ውስጥ ገብቶ በዐይንዎ ሳያዩት ውሉ መዘጋጀት የለበትም። ባለቤትየው ገንዘብ የመቀበል ሥልጣን የሚሰጥ ተጨማሪ ውክልና ይላኩ፣ አለዚያ ክፍያው በቀጥታ በራሳቸው ሒሳብ እንዲገባ ውሉ ላይ ይጻፍ። 100 ሺህውን ብር በተመለከተ፣ አሁን ሁላችሁም አንድ ቦታ ሳላችሁ ደላላው ገንዘቡ እጁ እንዳለ በወረቀት ይፈርም፤ ወንድምየውና ባለቤትዎ ምስክር ይሁኑ። ነገ ሁሉንም በአንድ ላይ አያገኟቸውም።

አዳማ ላይ ደላላ ነኝ፣ ረቡዕ 6፡05

ጠበቃው ያለውን አሁኑኑ አድርጊ። ግድግዳውንም ባለሙያ ይየው፤ ጥገናው የሚያስወጣው ገንዘብ ከዋጋው እንዲቀነስ የምትጠይቂው ከመፈረምሽ በፊት ነው።

ጡረተኛው መምህር፣ ዓርብ ከምሽቱ 1፡15

ልጄ፣ ከረቡዕ ወዲህ ድምፅሽ ጠፋ። ደላላው ፈረመልሽ? የባንኩስ ደብዳቤ መጣ?