ጥቆማ፦ ዜና ለሰለቸው፣ ወሬ ለማይበቃው ጆሮ

ታሪክ፣ ባህልና ሐሳብ የሚወራባቸው የሕዝብ ሬዲዮ ፕሮግራሞችን ለጠየቃችሁ፣ እኔ የምሰማቸውን ልጠቁማችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ለታሪክ ከሆነ ብዙ አታስቡ፤ የቢቢሲ ሬዲዮ ፎር «ኢን አወር ታይም» ነው። ከ1998 ጀምሮ አለ። አንድ ርዕስ፣ ሦስት ምሁራን፣ አንድ ጠያቂ፤ በቃ። ሙዚቃ የለ፣ ጭብጨባ የለ። ሜልቪን ብራግ እስከ 2025 ሲመራው ምሁሩ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ከጀመረ ቆረጥ አድርጎ ወደ ጥያቄው ይመልሰው ነበር። ይሄ የሚያናድደው ሰው አለ። እኔ ግን ፕሮግራሙን ፕሮግራም ያደረገው እሱ ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ሦስት ሊቃውንት ዝም ብለህ ከለቀቅሃቸው ሰዓቱ መግቢያው ላይ ያልቃል። በፖድካስት ስሙት። በሬዲዮ የሚተላለፈው ካለቀ በኋላ መቅረጹ ይቀጥላል፤ «ምን ሳንነካ ቀረን?» ተብለው ዘና ብለው ያወራሉ፣ ከዚያ ፕሮዲዩሰሩ ገባ ብሎ ሻይ ወይስ ቡና ይላቸዋል። አንዳንዴ ጥሩው ክርክር የሚነሳው እዚያች ጭራ ላይ ነው።

የካናዳው ሲቢሲ «አይዲያስ» ሌላ ነገር ነው። በ1965 የተጀመረ፣ ወጥ ቅርጽ የሌለው፤ አንድ ቀን ንግግር፣ ሌላ ቀን ዶክመንታሪ። ስለዚህ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ካልጣማችሁ እለፉት። ማሲ ሌክቸርስ ሲመጣ ግን እንዳያመልጣችሁ፤ አንድ ሰው አንድን ሐሳብ ይዞ በተለያዩ የካናዳ ከተሞች አምስት ንግግር ያደርጋል። ቢቢሲም በ1948 በፈላስፋው በርትራንድ ራስል ንግግሮች የጀመረው ሪዝ ሌክቸርስ አለው። እዚያ ከንግግሩ በኋላ ታዳሚው ስለሚጠይቅ ተናጋሪው ሲፋጠጥ ትሰማላችሁ። ለጥልቀት ማሲ፣ ለሙግት ሪዝ።

ከርዕስ ይልቅ ሰው የሚስባችሁ ከሆነ የአሜሪካው «ፍሬሽ ኤር»። ቴሪ ግሮስ ከ1975 ጀምሮ ትጠይቃለች። ጥያቄው ከበዳችሁ ንገሩኝ፣ እናልፈዋለን ብላ ለእንግዶቿ አስቀድማ ትነግራቸዋለች፤ ሰዎቹ የሚከፈቱላትም ለዚያ ይመስለኛል። ብዙ እንግዶች አዲስ ሥራ ሊያስተዋውቁ ስለሚመጡ ግን አልፎ አልፎ የገበያ ሽታ አለው።

እንግሊዝኛ ለማይመቸው ወይም የቀጣናውን ጉዳይ ለሚፈልግ የዶይቸ ቬለ አማርኛ «እንወያይ» አለ። ጣቢያው ራሱ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው በ1965 ነው። ከ«ማኅደረ ዜና» ጋር አታምታቱት፤ እሱ የአንድ ጋዜጠኛ ትንታኔ ነው፣ ይሄኛው ግን የማይስማሙ ሰዎች የሚገናኙበት ነው። ጥራቱ በተወያዮቹ ይወሰናል። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር የሚሉ ከሆነ አጥፉት፣ ምንም አይቀርባችሁም።

ከሁሉም አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ያው «ኢን አወር ታይም» እላለሁ። ሲጀመር ግን ከአዲሱ ክፍል አትነሱ። ማኅደሩ ታሪክ፣ ባህል፣ ፍልስፍና፣ ሃይማኖትና ሳይንስ ተብሎ ተከፋፍሏል፤ ትንሽ የምታውቁትን ርዕስ ፈልጋችሁ እሱን አስቀድሙ፣ ጠያቂው የቱ ላይ ጠበቅ እንዳደረገ ቶሎ ይገባችኋል።