በቤት የተማረን ልጅ ማን ይጠይቀው?

የውይይቱ ጥያቄ፦ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ልጁን በቤት የሚያስተምር ወላጅ እንደ ደንቡ የልጁን መሻሻል የሚያሳይ ማስረጃ በየዓመቱ ያቀርባል። በሃይማኖት ምክንያት ከትምህርት ግዴታ ነፃ የተደረገ ልጅ ግን ፈተናም ሆነ ማስረጃ አይጠየቅም። ይህ ነፃ መብት ይቅር ወይስ ይቆይ?

በቤት የተማረች፦ ይቅር። ከ6 እስከ 18 ዓመቴ ክፍሌ የወጥ ቤታችን ጠረጴዛ፣ አስተማሪዬ እናቴ ነበረች። ማንበብ አሳምራ አስተምራኛለች፤ አልክድም። ሒሳቤ ግን ክፍልፋይ ላይ ሲቆም፣ መቆሙን ያየ ሰው አልነበረም። ኮሌጅ ስገባ ከፍዬ ከመሠረቱ ጀመርሁ፤ እሱስ አለቀ። ያላለቀው ሌላ ነው። በ9 ዓመቴ ከጓሮ ስገባ ቤቱ ጭር ብሏል። ምድጃው ላይ ድስት ይንተከተካል፣ የእናቴ ነጠላ ጫማ በር ላይ ነው፣ እሷ ግን የለችም። ንጥቀት ሆኖ፣ አማኞች ሁሉ ድንገት ወደ ሰማይ ተወስደው እኔ ቀረሁ ብዬ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። ከጎረቤት ስትመለስ ወጡ አርሮ ነበር። ዛሬ 34 ዓመቴ ነው፤ ደውዬ እናቴም እህቶቼም ስልክ ካላነሱ አሁንም ጉልበቴ ይከዳኛል።

ልጆቿን በቤት የምታስተምር እናት፦ እህቴ፣ አንጀቴን በላሽው። ግን ያስፈራሽ ስብከቱ ነው እንጂ ቤት መማርሽ አይደለም። ትምህርት ቤት እየዋለ ንጥቀትን የሚፈራ ልጅ በየአጥቢያችን ሞልቷል። እኔ ትልቁን ልጄን ያስወጣሁት አማርኛ መናገር ሲያፍር አይቼ ነው፤ አሁን መዝሙረ ዳዊትን በአማርኛ ያነባል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትስ እ.ኤ.አ. በ1925 ልጅ የመንግሥት ፍጡር ብቻ አይደለም ብሎ የለም?

በቤት የተማረች፦ ስብከቱ ነው፤ ልክ ነሽ። ግን ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ፍርሃቱን ይዞ ሰኞ ጠዋት ከሌላ ቤት ከመጣ ልጅ አጠገብ ይቀመጣል። ለእኔ ሰኞም እሑድ ነበር። የሰንበት አስተማሪዬ የእናቴ ጓደኛ፣ ጓደኞቼም የእሷ ልጆች ነበሩ። ማንን ልጠይቅ?

የኮሌጅ መምህር፦ የ1925ቱ ፍርድ ሙሉ ይነበብ። ግዛት ትምህርት ቤቶችን የመቆጣጠር፣ መምህራንንና ተማሪዎችን የመፈተን ሥልጣኑን አልነካም። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ አሚሽ የተባሉ፣ ከዘመናዊ ኑሮ ርቀው የሚኖሩ ክርስቲያን ወላጆች ልጆቻቸውን ከ8ኛ ክፍል በኋላ እንዲያስቀሩ ሲፈቀድላቸው፣ የዚያው ፍርድ ቤት ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ልጆቹ ራሳቸው ሊደመጡ ይገባል ብለው ከፍርዱ በከፊል ተለይተዋል። ለእኔ የዚህ ሁሉ ክርክር ልብ ያ ሐሳብ ነው።

አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፦ ልጆቼ፣ እናንተ መንግሥት ቤት ሲገባ አላያችሁም። በደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ በየሰዉ ጓዳ በሹክሹክታ ጸልየናል። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መሪ ቄስ ጉዲና ቱምሳ እ.ኤ.አ. በ1979 በሐምሌ ታፍነው ተገደሉ። ዛሬ ፈታኝ ብናስገባ፣ ነገ የሚፈትነው ሃይማኖታችንን ነው።

በቤት የተማረች፦ ጋሼ፣ አባቴም ይህንኑ ታሪክ እያለቀሰ ይነግረን ነበር፤ እኔም አብሬው አለቅስ ነበር። አባቴን ያን ያህል ያመንሁት ለዚህ ነው። ግን እናንተ የተደበቃችሁት አሳዳጅ ስለነበረባችሁ ነው፤ ጸሎቱንም መርጣችሁ ነው የገባችሁበት። እኔን በቨርጂኒያ ማን እያሳደደኝ ነው የተደበቅሁት?

ልጆቿን በቤት የምታስተምር እናት፦ በዓመት አንድ ፈተና ይሁን፤ አልቃወምም። የሒሳብ ጉዳይ እኔንም እንቅልፍ ይነሳኛል። ምን መጽሐፍ እንደማስነብብ የሚወስን ሰው ግን ደጄን አይረግጥም።

በቤት የተማረች፦ መጽሐፍሽን ማንም አይንካው። እኔ የምለው፣ በዓመት አንድ ቀን አንድ የውጭ ሰው፣ እናቴ በሌለችበት፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ «ምን ያስቸግርሻል?» ቢለኝ ኖሮ፣ ክፍልፋዩን እነግረው ነበር። ምናልባት ድስቱንም።