ጥቆማ፦ በክረምት ለሚዳከም ጽጌረዳ ከመድኃኒቱ በፊት ምን ይገዛ?

ሐምሌ ሲጋመስ አዲስ አበባ ውስጥ ጽጌረዳ ከተከሉ ጎረቤቶቼ የምሰማው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ይረግፋል፤ እምቡጡ ሳይፈነዳ ቡናማ ሆኖ ይበሰብሳል፤ በበጋ ያማረው ተክል እሾህና ግንድ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ታዲያ የትኛው መድኃኒት ይሻላል ይላሉ። እኔ ግን መድኃኒት ከመገዛቱ በፊት አፈሩ ቢመረመር እመርጣለሁ።

ምርመራው ቀላል ነው። ከተክሉ አጠገብ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ ማታ ውኃ ሙሉበት። ጠዋት ውኃው እንደቆመ ካገኛችሁት ሥሩ አየር አጥቷል ማለት ነው። በተለይ ወደ አቃቂ ባለው ሜዳ ያለው ዋልካ (ጥቁር ጭቃማ አፈር) ሲረጥብ አብጦ ስለሚደፈን፣ ዝናቡ በሚበረታባቸው በሐምሌና በነሐሴ ሥሩ ውኃ ውስጥ ይከርማል። ባለፈው ነሐሴ ከግቢዬ አንዷን ነቅዬ ባየኋት ጊዜ ሥሯ ጠቁሮ፣ ልጡ በጣቴ ሲነካ እንደ እርጥብ ወረቀት ተላቀቀ፤ ሽታውም የረጋ ኩሬ ሽታ ነበር። እንዲህ ለሆነ ተክል የሚረጭ ነገር ሁሉ ከንቱ ወጪ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ግዢ ቀይ አሽ ይሁን። ይህ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ፣ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ ውኃን ያሳልፋል፣ አየርንም ይይዛል። መደቡን ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ አፈሩን ከቀይ አሽና ከብስባሽ ጋር ማደባለቅ ለእኔ ከማናቸውም መድኃኒት የበለጠ ውጤት ሰጥቶኛል። ደቃቅ አሸዋን በጥቂቱ ከዋልካ ጋር መቀላቀልን ግን አልመክርም፤ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክራል።

ብስባሽ ስትገዙ ከረጢቱን ፈትታችሁ አሽትቱ። የዝናብ አፈር ከሸተተ የበሰለ ነው፤ አፍንጫን የሚወጋ የሽንት ሽታ ካለው ግን ገና ያልበሰለ ፍግ ስለሆነ ሥር ያቃጥላል። በትል የተዘጋጀው ብስባሽ ከተራው ውድ ቢሆንም በጥቂቱ ስለሚበቃ ለማሰሮ አበባ እመርጠዋለሁ። የደን አፈር ተብሎ የሚሸጠውን አትግዙ፤ ከጫካ ተገፍፎ የሚመጣ ነው፤ ጫካውም ያሳዝናል።

ሥሩ ደህና ሆኖ ቅጠሉ ላይ ጠርዙ እንደ ተበጣጠሰ ክር የሚመስል ጥቁር ነጥብ ከታየ ሻጋታ ነው። የሚስፋፋው ቅጠሉ ለሰዓታት ርጥብ ሆኖ ሲቆይ ስለሆነ የረገፈውን ለቅሞ ማስወገድና ውኃን ከሥር ብቻ ማጠጣት ይቀድማል። በየግብርና መድኃኒት መሸጫው የሚገኙት የመዳብ ውሕዶችና ማንኮዜብ የተባለው ፀረ ሻጋታ የሚከላከሉ እንጂ የታመመውን ቅጠል የሚያድኑ አይደሉም፤ ዝናብ ሲያጥባቸውም ይጠፋሉ። ማንኮዜብን የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ለጤና ሲባል ፈቃዱን ላለማደስ ወስኗል፤ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ እኔ አልረጨውም። በላስቲክ ተቋጥሮ ያለ መግለጫ የሚሸጥ ዱቄት ደግሞ ምንም ይሁን ምን አይነካ። ለክሽክሽ (የቅጠሉን ጭማቂ ለሚመጡት ጥቃቅን ተባዮች) ደግሞ የሳሙና ውኃ በቂ ነው።

ከአገልግሎት አንጻር በወር የሚከፈለው አትክልተኛና በቀን የሚጠራው ልዩነታቸው የዋጋ ብቻ አይደለም። በወር የሚመጣው ተክሉን በየሳምንቱ ስለሚያይ በሽታውን ቶሎ ይደርስበታል፤ የቀኑ ሠራተኛ መደብ ለማንሣትና ለመቆፈር ይበቃል። ከመቅጠራችሁ በፊት በሐምሌ ዩሪያ ይጨምር እንደሆነ ጠይቁት። እኔ ዘንድ የመጣ አንድ ሠራተኛ እፍኝ ሙሉ በተነበትና ለስላሳ ቀንበጡ ሁሉ በአሥር ቀን ውስጥ በሻጋታ ተሸፈነ፤ ይህን ማየት ለእኔ ከባድ ነበር።

ችግኝ ከመንገድ ዳር ስትገዙ ጥቁሩን ላስቲክ ገልጣችሁ ነጭ ሥር ፈልጉ፤ አበባው አያታልላችሁ። በክረምት ከገዛችሁ በረንዳ ሥር አቆዩት፤ መቁረጥንም ሆነ መሬት ላይ መትከልን መስከረም ላይ ዝናቡ ሲቀንስ ብታደርጉት ቁስሉ ቶሎ ይደርቃል።