ሶቆጥራ ደሴት የሄደ ሰው አለ?

ባህር ናፋቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሶቆጥራን ፎቶ ካየሁ ጀምሮ ከሀሳቤ አልወጣ አለኝ፣ ያ የተዘረጋ ጃንጥላ የሚመስለው ዛፍ ያለበት የየመን ደሴት ማለቴ ነው። ሪዞርት ምናምን አልፈልግም፣ ተፈጥሮውንና የሰዉን ኑሮ ነው ማየት የምፈልገው። መቼ ነው የሚኬደው፣ የት ይታደራል፣ ሴት ብቻዋን ብትሄድስ? ያለኝ 8 ቀን ነው።

መንገደኛው፦
እህቴ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ሂጂ። ክረምት ላይ ያለው ነፋስ ከባድ ነው፣ ድንኳን አይቆምም ጀልባም አይወጣም። ሀዲቦ ከተማ ትንንሽ ሆቴሎች አሉ ግን እዛ አትሰንብቺ፣ ድንኳን ይዘሽ ዲክሳም አምባ ላይ ሁለት ሌሊት እደሪ፣ ያ ጃንጥላ የሚመስለው የዘንዶ ደም ዛፍ ጫካ ፊርሚሂን እዛው ጋ ነው። ማለዳ ጉሙ ከሸለቆው ሲወጣ ዛፉ ውሃውን ከጉሙ ላይ ይለቅማል፣ እኔ ከስሩ ቆሜ ጠብ የምትል ዝናብ ሳይኖር ትከሻዬ ረጥቧል። ግን ዙሪያሽን ስታዪ ሁሉም ሽማግሌ ዛፍ ነው፣ ችግኝ የለም ማለት ይቻላል፣ ገና ብቅ ሲል ፍየል ይበላዋል፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቻፓላና ሜግ የሚባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች በሳምንት ልዩነት መጥተው ብዙ ዛፍ ነቅለው ጥለዋል። በጣም ነው የሚያሳዝነው። ከዛፉ የሚወጣውን ቀይ ሙጫ ለማየት ብለሽ ቅርፊቱን እንዳትፍቂ አደራ፣ ካማረሽ ከእረኞቹ ግዢ።

የዋሻ ወዳጅ፦
ሆቅ ዋሻ ሳትገቢ እንዳትመለሺ!! ከባህሩ ዳር ሁለት ሰአት ገደማ ሽቅብ ነው፣ ውስጡ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። የጥንት መርከበኞች እዛ ጨለማ ውስጥ ገብተው ስማቸውን ጽፈዋል፣ አብዛኛው ብራህሚ በሚባለው የጥንት የህንድ ፊደል ነው፣ የግሪክና የደቡብ አረቢያም አለ፣ የአክሱም ዘመን የኛ ፊደልም አለበት። አስቢው እስቲ፣ ስንት ባህር አቋርጦ መጥቶ በፊደላችን የጻፈ ሰው። ግድግዳውን ግን በእጅሽ አትንኪ። ቋንቋቸው ሶቆጥሪም ከአረብኛ የተለየ ሴማዊ ቋንቋ ነው፣ ለዘመናት በጽሁፍ ሳይሆን በአፍ ነው የቆየው፣ ማታ እሳት ዳር ግጥም እንዲሉልሽ ጠይቂያቸው።

እማማ ጉዞ፦
ልጄ እኔ ብቻዬን ሄጄ ማንም ክፉ አልተናገረኝም፣ ሰዉ አክባሪ ነው። ሰፋ ያለ ልብስና ሻሽ ያዢ፣ ሴቶቹን ሳትጠይቂ ፎቶ አታንሺ፣ ብዙዎቹ አይፈልጉም። ሴት በመሆንሽ ደግሞ ወንድ ጎብኚ የማይገባበት ጓዳ ትገቢያለሽ። አንዷ እናት የፍየል ወተት በቆርበት ስትንጥ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እኔም ሞከርኩ፣ እጄን ይዛ አናናጡን አስተካከለችልኝ፣ ቃል ሳንግባባ ግማሽ ቀን አብረን ዋልን፣ ከጉዞው ሁሉ እሱ ነው ልቤ ውስጥ የቀረው። ካርድ አይሰራም፣ ዶላር ጥሬውን ያዢ። ቪዛውን የደሴቱ አስጎብኚዎች ናቸው የሚያወጡልሽ። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ የየመን ሁኔታ ስለሚለዋወጥ ብዙ አገሮች ዜጎቻቸውን አትሂዱ ይላሉ፣ በረራውም ጥቂት ነው ይቋረጣልም፣ 8 ቀን ብቻ ይዘሽ ከሄድሽ መመለሻው ሊያስጨንቅሽ ይችላል። ተጨማሪ ቀንም ገንዘብም አስቀምጪ።

ባህር ናፋቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ቀኑን ወደ 14 ከፍ አደርገዋለሁ። ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል፣ ሆቅን እወጣዋለሁ?

የዋሻ ወዳጅ፦
ቀስ ካልሽ ትወጪዋለሽ። ከንጋቱ 11 ሰአት ተነሺ፣ ፀሀይ ከወጣ በኋላ ያ አቀበት ጥላ የለውም። ዱላ ያዢ፣ ውሃ 3 ሊትር፣ ባትሪ ሁለት።