አዲስ ፕሮግራም ሲጫን የኢሜይሉ ፕሮግራም ቢበላሽ ተጠያቂው ማን ነው?

ጠያቂ፦ ባለፈው ሳምንት የስካነር ፕሮግራም ጫንኩ። መጫኛው «ቀጥል» እያሰኘኝ በሰላም ካበቃ በኋላ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ሳበራው፣ ለዓመታት የሠራሁበት የኢሜይል ፕሮግራም ብልጭ ብሎ የሚዘጋ ሆነ። የስካነሩ ሠሪዎች «ችግሩ የኢሜይሉ ነው» አሉኝ፤ የኢሜይሉ ሠሪዎች ደግሞ ወደ እነዚያው መለሱኝ። እንዲህ ያለ ጉዳት ሲደርስ ኃላፊነቱ የማን ሊሆን ይገባል ትላላችሁ?

ፕሮግራመር፦ ብስጭትዎ ይገባኛል፤ ሆኖም ጥፋቱን በሙሉ በመጫኛው ሠሪ ላይ መጣል ፍትሐዊ አይመስለኝም። የሠራነው ፕሮግራም ምን ምን በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ እንደሚያርፍ አስቀድመን ማወቅ አንችልም፤ እያንዳንዱን ጥምረት መፈተሽም ከአቅም በላይ ነው።

የአይቲ ባለሙያ፦ በዚህ አልስማማም። ጥምረቱን ሁሉ ፈትሹ ያለ የለም፤ የተጠየቃችሁት ያላመጣችሁትን ፋይል እንዳትነኩ ነው። በዊንዶውስ ላይ ፕሮግራሞች ኢሜይል ለመላክ የሚጠሩት ማፒ32 የተባለ የጋራ ዲኤልኤል ፋይል፣ ማለትም ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሩት የኮድ ፋይል አለ። አንዳንድ መጫኛዎች የራሳቸውን ቅጂ በዚያ ላይ እየተኩ ሌላውን ፕሮግራም ያሽመደምዱ ስለነበር፣ ማይክሮሶፍት ይህንኑ ፋይል ወደ ቦታው የሚመልስ ፊክስማፒ የተባለ መሣሪያ ከዊንዶውስ ጋር እስከ መስጠት ደርሷል፤ በዊንዶውስ 2000 ደግሞ የተተኩ የሲስተም ፋይሎችን መልሶ የሚያስቀምጥ ጥበቃ ጨምሯል። በአንጻሩ ባለ32 ቢት የማይክሮሶፍት ኦፊስ ባለበት ኮምፒውተር ላይ የዚያኑ ፕሮግራም ሌላ ዓይነት፣ ባለ64 ቢቱን፣ ለመጫን የሞከረ ሰው መጫኛው ገና ከጅምሩ እንደሚከለክለው ያውቃል። ክልከላው ያናድዳል፤ ነገር ግን ያለውን ሳያበላሽ ስለሚቆም ትክክለኛው አሠራር እሱ ነው።

ፕሮግራመር፦ የጋራ ፋይልን መተካት ስሕተት መሆኑን አልክድም። ሁሉም የየራሱን ቅጂ ይዞ ይምጣ ከተባለ ግን ሌላ ዕዳ ይከተላል፤ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ የጋራው ፋይል አንዴ ቢታደስ ሁሉም ይድናል፣ የየራሳቸውን ቅጂ የያዙት ግን ሠሪያቸው እስኪያድሳቸው ድረስ ከነቀዳዳቸው ይቀመጣሉ።

የአይቲ ባለሙያ፦ ይህ እውነተኛ ሥጋት ነው፤ እኔም አቅልዬ አላየውም። ይሁን እንጂ ማደሱ የፋይሉ ባለቤት ሥራ እንጂ የስካነር መጫኛ ሥራ አይደለም፤ መጫኛው አሮጌ ቅጂ በአዲሱ ላይ ሲተካማ የተደፈነውን ቀዳዳ መልሶ ይከፍታል። ጠያቂያችን፣ ለጊዜው የኢሜይል ፕሮግራሙን ከኮምፒውተሩ ላይ አያጥፉት። መጀመሪያ ደብዳቤዎቹ ያሉበትን ፎልደር ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ፤ ከዚያ ፊክስማፒን ከፍተው ያሠሩና ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩት።

ጠያቂ፦ እንዳሉኝ አደረግሁ፤ ፕሮግራሙ ተከፈተ፣ ደብዳቤዎቼም አሉ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገር ግን ከሰነድ ላይ «በኢሜይል ላክ» ስል አሁንም የሚመጣው የስካነሩ የመላኪያ መስኮት ነው፤ ኢሜይል በየትኛው ፕሮግራም እንደሚላክ የሚወስነውን ምርጫም ሳያስፈቅደኝ ቀይሮት ኖሯል። ፕሮግራመሩ ወንድሜ፣ ይህን ለመጠየቅ እኮ ጥምረት መፈተሽ አያስፈልግም ነበር።