የእድራችን አዳራሽ ቴሌቪዥን ይተካ ወይስ ይቅር? ከተተካስ በምን?

ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልን። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ሰዓት አልቆብን ሳንቋጨው የተበተንበትን ጉዳይ እዚህ እንጨርሰው። ነገሩ ይኸው ነው፦ አዳራሹ ውስጥ ያለው ባለ 21 ኢንች፣ ባለ ጀርባው ቴሌቪዥን አርጅቷል። ሲከፈት ምስሉ ከላይ ታጥፎ ይመጣል። እስኪሞቅ ድረስ ዜና አንባቢው ግንባር የለውም። የቀኝ ጥጉ ደግሞ ሐምራዊ ሆኖ ቀርቷል። ግማሹ አባል ይተካ ይላል፣ ግማሹ የእድር ገንዘብ ለዚህ አይነካም ይላል። የኔ አቋም ይተካ ነው። ግን ሱቅ ገብቶ ትልቁንና ደማቁን በጣት ጠቁሞ መውጣት አይሆንም። መጀመሪያ ምን ሥርጭት እንደምናሳይበት፣ በምን ዓይነት መብራት እንደሚሠራ፣ ስንት ሰው ከስንት ሜትር ላይ ሆኖ እንደሚያየው እንወቅ። ሱቅ ውስጥ የሚደምቀው ሁሉ እኛ አዳራሽ ሲገባ አይደምቅም።

ገንዘብ ያዥ፦
እኔ አልስማማም፤ ጉባኤ ላይም ተናግሬያለሁ። ደንባችን ገንዘቡ ለቀብርና ለለቅሶ ማስተናገጃ ነው ይላል፣ ሌላ አይልም። ትልቁ ድንኳን በስፌቱ ያፈሳል። ባለፈው ክረምት ለቅሶ ላይ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸው እስኪጨመቅ ድረስ ርሶ ነው ያመሹት። ድስቶቹም ተበስተዋል። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ነገር ከተለወጠ ወዲህ ዕቃ የት እንደደረሰ የምታውቁት ነው፤ ወርሃዊ መዋጯችን ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ለሐዘን የተዋጣ ብር ለኳስ ወጣ ሲባል ነገ ለቅሶ ደጅ ላይ ቆሜ ምን ልመልስ?

የሽምብጥ ልጅ፦
እትዬ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ለቅሶ ሲኖር ያንን ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበሩን ከመጋዘን አውጥቶ የሚሸከመው ማን ነው? እኛው ነን። ወጣቱ አዳራሹን የሚያውቀው ሰው ሲሞት ብቻ ከሆነ ቀስ በቀስ ይቀራል። ደግሞ የባሕር ዳር ስታዲየም በካፍ ከታገደ ከ2014 ወዲህ ዋልያዎቹ «በሜዳቸው» የሚባለውን ጨዋታ ለዓመታት ሲያደርጉ የኖሩት ሰው አገር ነው። በእግራችን ሄደን እናየው የነበረውን ዛሬ ያለ ቴሌቪዥን አናየውም። የዓለም ዋንጫ ደግሞ ሰኔ 4 ቀን 2018 ይጀምራል፣ 48 ቡድን ነው። ባለ 65 ኢንች፣ ኢንተርኔት የሚከፍት ስማርት፣ ምስሉ እጅግ የጠራ ፎር ኬ ይገዛና ይለቅ።

ጋሼ መምህር፦
ልጄ፣ የዓለም ዋንጫው የት እንደሆነ አስበኸዋል? አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ ነው። እዚያ ቀን ሲጫወቱ እኛ ዘንድ መሽቷል። የፍጻሜው ጨዋታ ሐምሌ 12 ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፤ ሌላው ደግሞ እስከ ንጋት የሚዘልቅ አለው። አዳራሹ የሚቆለፈው 2 ሰዓት ላይ ነው። ቁልፉን ይዞ የሚያድር ዘበኛ አለን? ስለዚህ የዓለም ዋንጫን ምክንያት አታድርጉት፣ አያስኬድም።
እኔ ግን ይተካ ከሚሉት ወገን ነኝ። ቴሌቪዥን አገራችን ሲገባ፣ በ1957፣ የሚያየው ጥቂት ሰው ነበር፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ማየት ያኔ የጀመረ ነው፣ ነውር የለውም። ከሰዓት በኋላ አዳራሹ በረንዳ ላይ የምንቀመጥ ጡረተኞች አለን፣ የአሚኮን ዜና አብረን እናያለን። ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ ግን ከኋላ ወንበር አይነበብም። ጽሑፉ ይነበብልኝ፣ ሌላውን እናንተ ተጨቃጨቁበት።

ፖሊ፦
እኔ ፖሊ ካምፓስ የምማር ነኝ፤ እናቴ ናት አባሏ፣ በእሷ ስም ነው የምጽፈው። ጋሼ ያነሱት ነገር በሜትር ይለካል። ስብሰባ አዳራሽ ላይ ማያ የሚገጥሙ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ልማድ አለ፤ ኋላ የተቀመጠው ሰው ከማያው ቁመት 8 እጥፍ በላይ መራቅ የለበትም፣ ጽሑፍ የሚያነብ ከሆነ ደግሞ 6 እጥፍ ይበቃዋል። ባለ 55 ኢንች ቁመቱ 68 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው፣ ስምንት እጥፉ 5 ሜትር ተኩል ይሆናል። ባለ 65 ወደ 6 ሜትር ተኩል ይደርሳል። አሁን ቴሌቪዥኑ ያለው መድረኩ ላይ ነው፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው ወንበር በእርምጃ ስለካው 9 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ባለ 65ቱም ቢሆን ለኋለኛው ሰው አይደርስለትም።
መፍትሔው መጠኑን ማሳደግ ሳይሆን ቦታውን መቀየር ነው። በረጅሙ ግድግዳ መሐል ላይ ብንሰቅለው የሩቁ ሰው 5 ሜትር ላይ ይቀመጣል፣ ለምስሉ ባለ 55 ይበቃል፤ ጽሑፉን ለማንበብ ግን ጋሼ ወደ 4 ሜትር ጠጋ ማለት አለባቸው። ያኔ ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ሰው በግራና በቀኝ ተዘርግቶ ስለሚቀመጥ ከጎን የሚያየው ይበዛል። ከጎን ሲታይ ቀለሙ የማይፈዝ ማያ ያስፈልገናል፣ አይፒኤስ የሚባለው ዓይነት። ቪኤ የሚባለው ጥቁሩ ያምራል፣ ከፊት ለፊቱ ላለው ሰው አንደኛ ነው፣ ከጎን ግን ይነጣል። ሱቅ ውስጥ ለመለየት ቀላል ነው፦ አስከፍታችሁ ወደ ጎን ሂዱና ተመልከቱት።
ፎር ኬን በተመለከተ፣ በ55 ኢንች ላይ ከ2 ሜትር ትንሽ አለፍ ካላችሁ ዓይን በጥራት አንድ ደረጃ ዝቅ ካለው ከፉል ኤችዲ አይለየውም። በዲሽ የምናየው ጣቢያ ደግሞ አብዛኛው ኤችዲ ነው ወይም ከዚያ በታች። ዛሬ ባለ 55 ሆኖ ፎር ኬ ያልሆነ ማግኘት ይከብድ ይሆናል፤ አብሮ ከመጣ ይምጣ፣ ለስሙ ብቻ ግን ብር አንጨምር።

የሽምብጥ ልጅ፦
እሺ ፎር ኬው ይቅር። ስማርቱስ? ልጆች ትምህርት የሚያዩት በዩቲዩብ ነው፣ የማትሪክ ተፈታኞች አሉን።

የሐይቅ ዳር አስተናጋጅ፦
ስለ ስማርት እኔ ልናገር። የምሠራበት ሆቴል ጣና ዳር ነው፣ ስሙ ይቆይ። ክፍሎቹ ውስጥ የነበረውን ሁሉ አንስተው ስማርት ገጠሙ፣ ዲሹንም ከነገመዱ አወረዱት። ከዚያ ከ2015 ነሐሴ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። እንግዳው ሪሞቱን ይጫናል፣ ማያው ላይ የተደረደረው የመተግበሪያ ሥዕል ብቻ ነው፣ አንዱም አይከፈትም። ፎቅ ለፎቅ እየተጠራሁ «ተበላሽቷል» ስባል ነው የከረምኩት። ኋላ ዲሹን መልሰው ሰቀሉት። ኢንተርኔት ዛሬ አለ፣ ነገ ደግሞ የእግዜር ነው። ዲሽ ያለው ቤት ግን ያን ጊዜም ዜናውን ሲሰማ ነበር።
ሌላም አለ። ወደ ሐይቁ በዞሩት ክፍሎች መስኮቱ ፊት ለፊት የተሰቀሉት ላይ ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ማያው ላይ ይተኛና እንግዳው የሚያየው ራሱን ነው። የኛም አዳራሽ በአንድ ጎኑ ትልልቅ መስኮቶች አሉት። ከመስኮቱ ትይዩ እንዳትሰቅሉት።

ፖሊ፦
ልክ ነው፣ ረጅሙ ግድግዳ ያልኩት መስኮት ያለበትን ራሱን ነው፤ በሁለቱ መስኮቶች መሐል ይገባል። ከመስኮቱ ጎን ሲሆን ብርሃኑ ማያው ላይ አያርፍም። የተመልካቹ ዓይን ላይ ያርፋል፣ መጋረጃ ይፈልጋል።
ስማርቱን በተመለከተ ያለኝ ክርክር ሌላ ነው። ማያ ብዙ ዓመት ይቆያል፣ ሶፍትዌሩ ግን ቶሎ ያረጃል። ርካሹ ስማርት ውስጥ ያለው ሜሞሪ ብዙ ጊዜ 1 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ዩቲዩብ እስኪከፈት ቡና ይፈላል። ተራ ቴሌቪዥን ገዝተን ለብቻው ዩቲዩብ የሚከፍትለት ትንሽ አንድሮይድ ቦክስ ብንሰካበት፣ ቦክሱ ሲያረጅ ቦክሱን ብቻ እንቀይራለን።

ጠጋኝ፦
ፋሲሎ የምጠግን ሰው ነኝ፣ አሮጌውንም በእጄ ከፍቼ አይቸዋለሁ። ሐምራዊው ጥግ የቴሌቪዥኑ ጥፋት አይደለም። የእድሩን ትልቅ ስፒከር አጠገቡ አስቀምጣችሁት ማግኔቱ ነው ቀለሙን የሳበው። ከላይ የሚታጠፈው ደግሞ ኮንደንሰር ደርቆ ነው፣ በትንሽ ብር ይስተካከላል። ጠግኑት አልላችሁም ግን፤ ቲዩቡ ደክሟል፣ ዛሬ ብሠራው ነገ ጨለማ ነው የሚያሳያችሁ።
ስለ አዲሱ የማያቸውን ልንገራችሁ። ወደኔ የሚመጡት ፍላቶች ብዙዎቹ አንድ ሕመም ነው ያላቸው፦ ድምፅ አለ፣ ምስል የለም። ከማያው ኋላ በሰልፍ የተያያዙ ጥቃቅን አምፖሎች አሉ፣ ከመካከላቸው አንዷ ስትቃጠል ሰልፉ ሁሉ ይጠፋል። ማያው ላይ የእጅ ባትሪ ጠጋ አድርጋችሁ ብታበሩ ምስሉ ከሥር ደብዝዞ ሲንቀሳቀስ ታዩታላችሁ። ይህ ይጠገናል። ለምን ይቃጠላል ብትሉ፣ ፋብሪካው ሱቅ ውስጥ እንዲደምቅ ብሎ ብርሃኑን እስከ ላይ ለቆ ይልከዋል፣ ገዢው እንዳለ ይተወዋል፣ በሙቀት ያልቃል። ገዝታችሁ እንደገባችሁ በመጀመሪያው ቀን ባክላይት የሚለውን የኋላ ብርሃን ወደ ግማሽ አውርዱት። ማያው ራሱ ከተሰበረ ግን እኔ ጋ አታምጡት፣ ዋጋው አዲስ ከመግዛት ብዙም አይተናነስም። ኳስ እያዩ የሚያጨበጭቡ ልጆች ባሉበት አዳራሽ እጅ በማይደርስበት ከፍታ ይሰቀል።
መብራቱን ታውቁታላችሁ። ማታ ምጣድ ሲጣድ ይወርዳል፣ ሄዶ ሲመለስ በኃይል ይመጣል። ስታቢላይዘር የሌለው ቴሌቪዥን እኔን ነው የሚጠቅመኝ። ክረምት ላይ መብረቅ ሲያጉረመርም ደግሞ ሶኬቱን መንቀል ብቻ አይበቃም፣ የዲሹንም ገመድ ከሪሲቨሩ አውጡ፤ በዚያ በኩል ገብቶ ሪሲቨሩንም ቴሌቪዥኑንም ይዞ የሄደ ስንቱን አይቻለሁ።
በመጨረሻ፣ ፊቱ ላይ የተለጠፈውን ስም አትመኑ። ሶኒ ወይም ሳምሰንግ የሚል ተለጥፎበት ሌላ የሆነ ሞልቷል። ከጀርባው ያለውን የሞዴል ቁጥር ከካርቶኑም፣ ሜኑ ውስጥ ከሚታየውም ጋር አስተያዩት።

ጋሼ መምህር፦
ዲሹስ? አሁን ያለው ወደ ምዕራብ የዞረ ነው፣ የባንባው ዛፍ ቅርንጫፍ ሸፍኖታል።

ጠጋኝ፦
ያ ለናይልሳት የተተከለ ነው ጋሼ። የአገራችን ጣቢያዎች ያሉበት ኢትዮሳት በምሥራቅ በኩል ነው፣ ለዚያውም ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው። ወደዚያ ስናዞረው ዛፉ አያስቸግርም። ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ ግን ምስሉ መቆራረጡ አይቀርም፣ ያ ከቴሌቪዥኑ አይደለም።

ገንዘብ ያዥ፦
ስታቢላይዘር፣ ቦክስ፣ መጋረጃ፣ መስቀያ ብረት። አንድ ቴሌቪዥን ነበር የተባለው! የመብራቱስ? ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየወጣ ነው። ለዲኤስቲቪስ በየወሩ የሚከፍለው ማን ነው?

ፖሊ፦
መብራቱ አያሳስብዎት እትዬ። ባለ 55 ኤልኢዲ ከ100 እስከ 150 ዋት ነው የሚወስደው፤ በቀን 4 ሰዓት ቢሠራ በወር ከ12 እስከ 18 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንድ ምጣድ ጥቂት ጊዜ እንጀራ ሲጋገርበት ይጨርሰዋል።

ጸሐፊ፦
ዲኤስቲቪ በእድሩ ስም አይገባም፣ እዚህ ላይ እኔም ከእትዬ ጋር ነኝ። ለመኖሪያ ቤት የሚሸጠው ጥቅል ለሕዝብ መሰብሰቢያ አይፈቀድም፣ ለንግድ ቤት የሚሸጠው ደግሞ የኛ አቅም አይደለም። ወጣቶቹ ይህንን ከአሁኑ ይወቁት፤ ቴሌቪዥን ገዛን ማለት አዳራሹ ኳስ ቤት ሆነ ማለት አይደለም።
ሌላ ማንም ያላነሳው ድምፁ ነው። ቀጭን ቴሌቪዥን ስፒከሩ ደካማ ነው፣ የኛ ጣሪያ ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲወርድ እንኳን ቴሌቪዥን አጠገብህ ያለ ሰው የሚናገረው አይሰማም። የእድሩ ስፒከር አለ፣ እሱን እናገናኘዋለን፤ አዲሱ ላይ ማግኔቱ ጉዳት የለውም።

የሽምብጥ ልጅ፦
ዲኤስቲቪ ከሌለ ወጣቱ ለምን ይመጣል? እውነቱን እንነጋገር እንጂ።

ጋሼ መምህር፦
እንግዲያው ወጣቱ የሚመጣው ለእድሩ ሳይሆን ለፕሪሚየር ሊግ ነበራ!

የሽምብጥ ልጅ፦
ለሁለቱም ነው ጋሼ፣ ምን አለበት?

ጸሐፊ፦
ለመጪው እሑድ የማቀርበው ይህ ነው፦ ባለ 55 ኢንች፣ ተራ፣ ከጎን የሚታይ፣ ከነስታቢላይዘሩ፣ በመስኮቶቹ መሐል የሚሰቀል። ቦክሱን ወጣቶቹ ራሳቸው አዋጥተው ያምጡ። ገንዘቡ ከቀብሩ ሒሳብ አይነካም፤ ወንበርና ድስት ለሠርግ አከራይተን ካገኘነው ይሁን፣ የጎደለውን ፈቃደኛው ይሙላ።

ገንዘብ ያዥ፦
የኪራዩ ብር ለድንኳኑ ነው የተያዘው፣ ቃለ ጉባኤው ላይ አለ፣ አንተው ነህ የጻፍከው። ድንኳኑ ሳይሰፋ አንድ ብር አልፈርምም።

የሽምብጥ ልጅ፦
ሸራውንና ክሩን እድሩ ይግዛ፣ የማሰፊያውን እኛ እንችላለን። የሸራ መኪና ያለው ልጅ አለን።

ገንዘብ ያዥ፦
ሰፍታችሁ አምጡ። ውሃ አፍስሼበት ካላፈሰሰ እፈርማለሁ።